የእህቴን ማሳ ስለበላው ጥላ

ለተከበሩ የወረዳችን የእርሻ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በወረዳችን ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ጥሩ ዕረፍት ላይ መሆናቸውን ስለሰማሁና ልረብሻቸው ስላልፈለግሁ ነው።

ጉዳዩ የታናሽ እህቴ የሽንኩርት ማሳ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ማሳ ሲሆን ሌላ መሬት የላትም። ጽሕፈት ቤትዎ ለአምራቾች ድጎማ የሚከፍለው ማሳቸውን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ እየለካ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የማሳዋ ግማሽ ጠቁሮ ስለታየ “ያልታረሰ” ተብሎ ድጎማው ተከለከለ፤ ይባስ ብሎም ያ ግማሽ ከመጪው የዘር ወቅት ጀምሮ “ማልማት ለሚችል” ጎረቤት እንዲተላለፍ ተወሰነ።

1ኛ፦ ጥቁሩ ነገር ጥላ ነው። ፎቶግራፉ የተነሣው በማለዳ ነው፤ ከማሳው በስተምሥራቅ ደግሞ የጎረቤታችን ረጅም የብረት ጎተራ ቆሟል። የአራተኛ ክፍል ልጆች ይህን ትምህርት ግቢ ውስጥ እንጨት ተክለው ሲማሩት አብዛኞቹ በመጀመሪያው ቀን ይገባቸው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን ጊዜ ወስዶ እያሰበበት መሆኑ ጥንቃቄውን ያሳያል።

2ኛ፦ ጎተራው የተሠራው በእርስዎ ድጎማ ነው። ማሳውን እንዲረከብ የተመረጠውም ጎረቤት ይኸው ባለ ጎተራ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለአብዬ ሽልማት ሲጨመርለት ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

3ኛ፦ ባለሙያዎ ማሳውን መጥተው ስላዩልን አመሰግናለሁ። ጠቁሯል በተባለው ስፍራ መካከል ቡቃያው ላይ ቆመው፣ ልማቱን በዓይናቸው እንደሚያዩ፣ ነገር ግን ድጎማው የሚከፈለው በፎቶግራፉ ላይ ለታየው ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱን። እህቴም፣ “እንግዲያው ልጄ እግርህን አንሣልኝ፣ የረገጥኸው ሽንኩርት ፎቶግራፉ ላይ ባይኖርም እኔ ዘንድ አለ” አለቻቸው። እግራቸውን አነሡ፤ ውሳኔው ግን እንደቆመ ነው።

4ኛ፦ ይግባኝ ሰሚው ክፍል ማስረጃ አምጡ ስላለን ሽንኩርት በቅርጫት ይዘን ሄድን። ሽንኩርቱ ከየትኛው ግማሽ እንደተነቀለ ራሱ ስለማይናገር በማስረጃነት ሊያዝ እንደማይችል ተነገረን። እውነት ነው፤ ሽንኩርት አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያስለቅሳል እንጂ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእኩለ ቀን መጥተው ማሳውን ይዩት። እህቴ ለመጪው ወቅት የሚሆን ችግኝ ከወዲሁ አፍልታለች፤ ያፈላችውም ለግማሽ ሳይሆን ለሙሉ ማሳ የሚበቃ ነው። ባለ ጎተራው ሊረከብ ሲመጣ መካከሉ ላይ ቆማ እንደምትጠብቀው ነግራኛለች፤ እኔም አጠገቧ እቆማለሁ። እርስዎ ከእሱ ቀድመው ቢደርሱ ለሁላችንም ይሻላል።

ጥበብዎን ከቅርብ ለማየት ዕድል ስላልገጠመኝ ከሩቅ የማደንቅዎ፣ ለመልስዎ ስል ዕድሜዬ እንዲረዝም የምጸልይ፣

ታዛዥዎ ጡረተኛው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ያሳዩን ፎቶግራፍ የእርስዎንም ግቢ ይጨምራል። የውኃ ማማው ጥላ ጽሕፈት ቤትዎን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። በራሳችሁ ደንብ መሠረት በዚያ ቦታ ምንም ሥራ አይሠራም ማለት ነው። በዚህኛው ውጤት ላይ ቅሬታ የለኝም።