ያስወጣሁት ጥያቄ

ጥቅምት 4

ከመርፌ ወደ ኪኒን ተዛወርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሦስት ወር አንዴ ክንድ መስጠት ብቻ ነበር... ራስ ምታቱ ሲጠናብኝ ሐኪሙ ቀየረልኝ። መድኃኒት ቤት ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ፋርማሲስቱ የገበያ ድምፅ ነው ያለው።

"የወሊድ መከላከያው ለማን ነው?"

"ለእህቴ።"

እህት የለኝም። ስሟን ቢጠይቀኝ እዚያው ስም አወጣላት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረችው ሴትዮ እንግዲህ ይቺ ናት።

ባሌ፣ "ስልክሽ ላይ ሰዓት ሙዪበት" አለኝ። ክፍል ውስጥ ቢጮህስ? ጭንቅላቴ ይበቃኛል። መመሪያውን ሳላነብ ጣልኩት። ለማያውቅ ነው የሚጻፈው።

ጥቅምት 7

ያቅለሸልሸኛል። ደብተር ደረቴ ላይ ማቀፍ አቃተኝ፣ ጡቴን ያመኛል። ቤተ ሙከራ አንድ ጠርሙስ ስከፍት ሸተተኝና ሮጬ ወጣሁ። የኬሚስትሪው መምህር ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

"አንቺ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!"

"ምሳዬ ነው።"

"ሁሉም መጀመሪያ ምሳ ነው የሚሉት።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው።

ጥቅምት 10

ዛሬ ደህና ነኝ። አልጻፍም።

ጥቅምት 16

ሁለት መቶ አርባ የፈተና ወረቀት ሳርም ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ኪኒኑን ባወጣው... የሦስት ቀን ኪኒን ቁጭ ብሏል። ሦስት! በዚያው ሰሞን ደግሞ ከባሌ ጋር... ለራሴ ስጽፈው እንኳ አፈርኩ።

መመሪያው የለም። የማስተምርበትን መጽሐፍ ገለጥኩ። "በየዕለቱ ይወሰዳል" ይላል። ከተረሳስ? መጽሐፉ ረስቶ አያውቅም መሰለኝ።

ከተረሳስ... ይህን ቃል የት ሰማሁት?

ትዝ አለኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ይህንኑ ሳስተምር፣ ከኋላ ወንበር፣ ረጅሟ ልጅ። "ቲቸር፣ ከተረሳስ?" ክፍሉ በሳቅ አውካካ። "ውጪ! ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ!" አባቷ መጡ። "ልጅዎ ባለጌ ናት" አልኳቸው። ሰውዬው አንገታቸውን ደፉ።

ባለጌ ሆና አልነበረም። ያስወጣኋት መልሱን ስለማላውቀው ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ጤና ጣቢያ። ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ። ነጭ ጋውን ለብሳ የተቀመጠችው... ረጅሟ ልጅ። ምድር አፏን ከፍታ አልዋጠችኝም።

"ቲቸር! ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"ለእህቴ ልጠይቅላት ነው።"

"እሺ። ስንት ቀን ረሳች?"

"ሦስት።"

አልሳቀችም። "አሁኑኑ አንድ ይዋጡ... ማለቴ ትዋጥ። ከዚያ በየቀኑ ትቀጥል። ሰባት ቀን ኮንዶም ጨምራ ትጠቀም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእርግዝና ምርመራ ትምጣ።"

በምንተፍረቴ፣ "ያን ጊዜ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አባቴ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም" አለች። የበሽተኛ ሙቀት ለክታ ቁጥሩን የምትናገር ነው የሚመስለው።

"መልሱን አላውቀውም ነበር።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ 'አላውቅም' ቢሉን ምን ነበረበት?"

ምን ነበረበት?

ኅዳር 9

ተመረመርኩ። አላረገዝኩም። "እህትዎን ደስ ይበላት" አለችኝ ረጅሟ ልጅ። አሁን ሳቀች።

ኅዳር 14

የወሊድ መከላከያው ምዕራፍ ደረሰ። ማንም አልጠየቀኝም። "ከተረሳስ?" ብዬ ሰሌዳው ላይ ራሴ ጻፍኩት። አውካኩ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። እህቴን ልጠራት አፌ ላይ ደርሳ ነበር... መልሼ ዋጥኳት።

"እኔ ሦስት ቀን ረስቼ ነበር" አልኩ።

መልሱን ነገርኳቸው። ከኋላ ወንበር ደብተር ሲገለጥ ሰማሁ። አንዷ እጇን አውጥታ ሌላ ጠየቀችኝ፣ ኪኒኑን ከዋጡ በኋላ ስለ ማስመለስ። "እሱን አላውቅም። ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ" አልኩ።

ፊቴ እስካሁን ይነዳል። ግን ማንንም አላስወጣሁም።