በአጥሩ በኩል ያለው ረድፍ

ኦክቶበር 20

በአጥሩ በኩል ያለው ረድፍ ዛሬም አረንጓዴ ነው።

የሌሎቹ ረድፎች የላይኞቹ ቅጠሎች መቅላት ጀምረዋል። ዘሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ውኃውም ከአንድ ቦይ የተቀዳ። ማዳበሪያ ቀየርኩ። ምንም። ከችግኞቼ ግማሹ ያለው እዚያ ነው። ያልቀላ የገና አበባ ማን ይገዛኛል? ለፍየል እንኳ አይሆንም።

ኦክቶበር 22

ኔሬይዳ መጥታ አየችው። የክርስትና ልጄ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት ትማራለች። ቅጠሉን አልነካችም። ቀና ብላ ከአጥሩ ወዲያ የቆመውን የመንገድ መብራት አየች።

«አባባ፣ ጥፋተኛው ያ ነው።»

«ችግኝም እንቅልፍ አጣ ልትዪኝ ነው?»

«ይሳቁብኝ። ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። ሌሊት መብራት ካገኘው ነቅቶ ያድራል። እሱ ነቅቶ ካደረ ደግሞ አብብ ብሎ የሚያዘው ጂን ዝም ይላል። ጂኑ ሥራ የሚጀምረው ረጅም፣ ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው።»

«ታዲያ ቀዩ የት ሄደ?»

«የትም። ውስጡ አለ። ትእዛዙ ተጽፏል፤ የጠፋው የሚያነበው ነው።»

መብራቱ ለምን እንደተተከለ ሁለታችንም እናውቃለን። አምና በዚያ መንገድ ከአውቶቡስ ወርዳ ስትመጣ ቦርሳዋን ቀምተው ቦዩ ውስጥ የገፈተሯት እሷን ነው። ሴፕቴምበር ላይ መብራቱ ሲበራ ርችት የተኮስኩት ደግሞ እኔ።

ይህን ሁሉ እያወቀች ነገረችኝ።

ኦክቶበር 24

ረድፉን በጥቁር ላስቲክ ሸፈንኩት። ነፋሱ ገልብጦት አደረ።

የመብራቱ መስመር የሚሳበው ከእናቷ ከኦቲሊያ ቤት ነው፤ ማጥፊያውም እዚያው ነው። ሄድኩ። ታማል፣ በቅጠል ጠቅልላ የቀቀለችውን የበቆሎ ሊጥ፣ አቀረበችልኝ። እስከ ገና ድረስ አጥፊልኝ አልኳት። ሳህኑን አነሳችው።

«አበልጅ፣ ልጄ ከቅጠል አነሰችብህ?»

«ከፌርማታው እኔ እቀበላታለሁ። በየምሽቱ።»

«አንተ? ለገዛ ሠርግህ አርፍደህ የመጣኸው ሰውዬ?»

«ያኔ እኮ የተሳፈርኩበት ታንኳ ቦዩ ውስጥ ሰጥሞ ነው!»

አልሳቀችም። «አንድ ቀን ትረሳለህ። እኔ የምፈራው ያችን አንድ ቀን ነው።»

እኔም ፈርቻለሁ። ሳህኑን ግን መለሰችልኝ። ማታ መብራቱ አልበራም።

ኦክቶበር 29

በየምሽቱ ከኔሬይዳ ጋር ከፌርማታው አብረን እንመጣለን። ስለ ጂን ታወራኛለች፤ እኔ ስለ ድሮ ጎርፍ። በጨለማ ወሬ ይጥማል... ረድፉ ገና አረንጓዴ ነው።

ኖቬምበር 3

የሙታን በዓል ሌሊት መቃብር ቦታ ሳንተኛ አድረን ነበር። ዛሬ ማታ ወንበር ላይ ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ... ስነቃ ሰዓቱ አልፏል።

ሮጬ ስደርስ ኔሬይዳ በራፋቸው ላይ ቆማለች። «ምንም አልሆንኩም፣ አባባ።» ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። እንዲመቻት ነው፣ ለመሮጥ።

መብራቱ በራ።

ኖቬምበር 6

አጥፊልኝ አላልኩም። በምን አፌ? መብራቱ እየበራም ፌርማታው ላይ እቆማለሁ። ቀድሜ።

ኖቬምበር 7

ኦቲሊያ ከበሯ ሆና አየችን። ገባችና መብራቱን አጠፋችው።

ኔሬይዳን የባከኑት ሌሊቶች አበላሹት ወይ አልኳት። «ጎድተውታል። ጨለማው ካሁን በኋላ ካልተቋረጠ ግን ይደርሳል» አለች።

ኖቬምበር 27

ጫፉ ላይ አንድ ቅጠል። ቀይ ነው ወይስ ዓይኔ ነው? ለማንም አልነገርኩም።

ዲሴምበር 12

ቀላ። ዘግይቶ፣ ከሌሎቹም ፈዘዝ ብሎ። ግን ቀላ።

ጠዋት ኦቲሊያ አጥሩ ላይ ተደግፋ አየችው። «ለዚህ ነው እንግዲህ» አለች። አንዱን ሰጠኋት። መስኮቷ ላይ ሳይሆን ከመብራቱ ምሰሶ ሥር አስቀመጠችው።

አሁን መሽቷል፤ አበባውን የሚገዛኝ ነጋዴ መኪና በር ላይ ነው። የአጥሩን ረድፍ እየጫንን ነው፤ ግማሹ ገና መሬት ላይ ነው። ይህን ቆሜ ነው የምጽፈው። አውቶቡሱ ሊደርስ ነው።

«ዶን ኤልፒዲዮ! ወዴት ነው? ማን ሊጭነው ነው?» ይለኛል ነጋዴው።

ይጠብቅ። ባትሪዬን ይዣለሁ። የማበራው ከአጥሩ ካለፍኩ በኋላ ነው።