የዳርሚ አንገትና የእኔ ጣቶች

ኅዳር 3፣ 2009 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሱቅ ከፍቻለሁ። ባትሪ የሚቀየርላቸው ሁለት የእጅ ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አልነካኋቸውም። ጣቴ ያሳክከኛል። የቀኝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት። ጫፋቸው ተልጧል፣ ጎናቸው ውሃ ቋጥሯል። አስካለ ሳሙናውን ትረግማለች። እኔም አብሬያት እረግማለሁ። ሚስት ከምትቆጣኝ ሳሙና ይረገም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ግን ሳንቲሞቼን ሳገላብጥ ነበር። ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ደብተሬ። አምስት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ፣ የሃያ ዓመት ልቅምቃሚ። የእንግሊዝ ዘመን ባለ ቀዳዳዎቹ፣ የጃንሆይ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን። የጭነት መኪና ሾፌሮች ያመጡልኛል።

ኅዳር 5

ከክሊኒክ መመለሴ ነው። ነርሷ በስዋሂሊ ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ፉንዲ ነኝ፣ ሰዓት አድሳለሁ፣ የአንገት ጌጥ እጠግናለሁ አልኩ። ሌላስ? አፈርኩ። ሳራፉ እሰበስባለሁ አልኳት፣ የድሮ ሳንቲም። ሳቀች። ኒኬል የሚባል ብረት ብዙ ሳንቲም ውስጥ አለ፣ ቆዳህ ጠልቶታል፣ አንዴ ከጠላ አይታረቅም አለች። ንጹሕ ብር ግን እምብዛም እንዲህ አያደርግም። ቅባት ሰጠችኝ። ሳንቲሙን "ዋቻ" አለችኝ፣ ተወው።

ከሰዓት። የአስካለን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቄ ቆርቆሮ ከፈትኩ። ስኳርን ከነላስቲኩ መላስ ነው። ቢሆንም ላስኩ።

ኅዳር 9

አዴ ጉያቶ መጣች፣ የጎልቦ ቆላ ግመል ወተት የምትሸጥልን ጎረቤታችን። ልጇ ዳርሚ አብራት አለች፣ ታኅሣሥ ላይ የምትዳረዋ። ጉያቶ የልጅቷን ሻሽ ገለጠችው። የጉሮሮዋ ጎድጓዳ ላይ ቀይ ቁስል፣ ያዠ፣ ክብ። ልክ እንደ ጠገራ ብር ክብ።

ሎኮ ናት አለች። ሎኮ የባሏ እህት፣ የዳርሚ አክስት። ልጅቷ የአያቷን የአንገት ጌጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠለቀች ቀን ሎኮ አይታ እንዴት ያምራል አለች እንጂ አልመረቀችም። "ቡዳ ናት፣ ፉንዲ። የተቀባችው ዳዋ፣ መድኃኒቱም እምቢ አለ።"

ጣቴን አየሁ። አንድ ዓይነት ቁስል። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ልጻፈው። ዓምና ጉያቶ ያንን ጌጥ ክሩ ተበጥሶ ለጥገና አመጣችልኝ። መሀሉ ላይ አንድ ጠገራ ብር፣ እንደሱ ያለ በሃያ ዓመት አይቼ አላውቅም። ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ዋለ፣ አደረ። በአራተኛው ቀን ከናይሮቢ ገበያ የገዛሁትን የኒኬል አስመሳይ በቦታው ሰካሁ። ለሷ ክብደትና ብልጭታ ነው፣ ለኔ ግን ታሪክ ነው አልኩ። ሌባ ምክንያት አያጣም። እውነተኛው ሦስተኛው ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ በጥጥ ተጠቅልሎ።

ኅዳር 12

መለስኩት። ጉያቶን ጌጡን አምጪው፣ ላጽዳልሽ አልኳት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀየርኩት። ለዳርሚም ከቅባቴ ቀንሼ ሰጠኋት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አታጥልቂው አልኳት። ጉያቶ ልትከፍለኝ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። አልቀበልም አልኩ። "ገለቶማ፣ ፉንዲ። እጅህ ይባረክ።"

ይህ እጅ። ምርቃቱ ከማሳከኩ ባሰብኝ።

ኅዳር 18

ጾም ገብቷል። የድንበሩን ኬላ ተሻግሬ በአገሬ በኩል ካለው ቤ/ክ ሄድኩ። ለነፍስ አባቴ የሰው ዕቃ ወስጄ መልሻለሁ አልኳቸው። ባለቤቱ ያውቃል ወይ አሉኝ። አያውቅም አልኩ። እንግዲያስ ገና አልመለስክም አሉኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። ዕቃው በቦታው ካለ ሌላው ምን ይደረግልኝ?

ታኅሣሥ 2

የዳርሚ አንገት ድኗል። ጌጡን አጥልቃ በሱቄ በር አለፈች፣ ፈገግ ብላ። ደስ አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ ብቻ።

አስካለ ከጉያቶ ቤት ወሬ ይዛ መጣች። ሎኮ ወደ ቤቱ እንዳትደርስ የተከለከለችው በዚያው ሰሞን ነው። እሷ ስትቀር ቁስሉ ደረቀ። እንግዲህ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሠርጉ ላይ እንዳትታይ ተልኮባታል። እናቶች ልጆቻቸውን ከዓይኗ ይሸሽጋሉ። ጉያቶ ታማ ሶሎሎ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ዳርሚን አዝላ ያሳደገቻት እኮ ሎኮ ናት።

በስውር መመለሴ ፈረደባት። ሰርቄ ያላደረስኩባትን፣ መልሼ አደረስኩባት።

ታኅሣሥ 4

ሎኮን መንገድ ላይ አገኘኋት። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ብቻዋን። ጀሪካኗን አስቀምጣ እጇን ለሰላምታ ዘረጋች። ጣቴ እንዳይታይ እጄን ሰበሰብኩ። እሷ ግን ሌላ ነገር ገባት። የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ አወረደችው።

"አንተም፣ ፉንዲ?"

ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። ቆሜ ቀረሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ታኅሣሥ 5

ብናገር ማን ያምናል? ፉንዲ ደግ ነው፣ አዝኖላት ነው ይላሉ። ብረት አንገት ያቆስላል ብል ይስቁብኛል። ማየት አለባቸው።

አስመሳዩን ጠገራ አወጣሁ። አንገቴ ላይ፣ ልክ ዳርሚ ላይ ከነበረበት፣ በፕላስተር ለጠፍኩት። አስካለ አይታኝ ምንድነው አለች። ሁሉንም ነገርኳት። የሚታደስ ሰዓት ማን ይሰጥሃል ከእንግዲህ አለች፤ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ የፕላስተሩ ጫፍ ለቅቆ አየች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

ታኅሣሥ 7፣ ጠዋት

ሁለት ቀን እንደ እሳት አቃጠለኝ። አሁን ፕላስተሩን ላጥኩት። በመስታወት አየሁ። ቀይ፣ ያዠ፣ ክብ።

ሠርጉ ነገ ነው። ዘመድ ሁሉ ዛሬ ጉያቶ ግቢ ይሰበሰባል፣ ከኡራን የመጡም አሉ። ይሁን። ይስሙ። አምስቱን ቆርቆሮ ለአስካለ ሰጥቻታለሁ፣ የፈለገችውን ታድርጋቸው። አስመሳዩ ኪሴ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሎኮ ቤት። እጄን አስቀድሜ የምዘረጋው እኔ ነኝ፣ ከነቁስሉ። እሺ ካለችኝ አብረን ወደ ጉያቶ። እምቢ ካለችኝም ብቻዬን። ሸሚዜን ከላይ ሁለት ቁልፍ ፈትቻለሁ። አስካለ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፣ እኔም እመጣለሁ አለች፣ ስለዚህ ደብተሬ፣ እዚህ ላይ ልዝጋህ።