ባዶ እጁን የተመለሰውን ለማያይ ስክሪን

ይድረስ ለተከበሩ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የአቅርቦት ስጋት መከታተያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለው ስክሪን ዘወትር አረንጓዴ ሆናችሁ እንድትኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ሬዲዮና ካውያ የምጠግን፣ ሙያውንም ያለ አስተማሪ እያበላሸሁ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከማሽን ጋር ጠብ የለኝም።

የመንገድ መዘጋትንና የዕቃ እጥረትን ሦስት ወር ቀድሞ ያውቃል የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ባስመረቁ ዕለት እኔም ከሕዝቡ ጋር አጨብጭቤያለሁ፤ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽብዎም የጠገንኩት እኔው ነኝ። ከእንግዲህ «መድኃኒት የለም» የሚል ቃል አይሰማም ብለው ነበር። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ መድኃኒት ባለቀ ቁጥር የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ስለሚዘጋ የሚሰማ ነገር የለም።

ይሁንና፣ ጊዜዎን ካልተሻማሁ፣ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ፦ የእህቴ ልጅ የተማሪዎች የደንብ ልብስ የምትሰፋ ነበረች። የሚጥል በሽታ ስለነበረባት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን ትውጥ ነበር፤ ክኒኑ ሳይቋረጥባት ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አልወደቀችም። የዛሬ አምስት ወር ድልድይ ተሰብሮ ክኒኑን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቀረ። ድልድይ ይሰበራል፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓትዎ የሚቀጥለውን ወር ፍላጎት የሚያሰላው ባለፈው ወር ከታደለው ነውና፣ መደርደሪያው ባዶ በነበረበት ወር ምንም ስላልታደለ፣ ይህን ክኒን የሚፈልግ ሰው የለም ብሎ ደመደመና ከትእዛዙ ሰረዘው። የእጥረት ስጋት ዜሮ፣ ቀለም አረንጓዴ። የሠፈሩን በሽተኞች በአንድ ወር ስለፈወሱልን እንኳን ደስ አለዎት፤ ሐኪሞቻችን ይህን ያህል አልተሳካላቸውም።

፪ኛ፦ ቀድሞ መጋዘኑን የሚይዙት አንዲት እናት ነበሩ፤ ከጆሯቸው እርሳስ ስለማይለይ እትዬ እርሳስ እንላቸዋለን። በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚጽፉት የወሰደውን ሳይሆን ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ነበር። አምስት ስም ሲሞላ ስልክ ያነሳሉ፤ ሾፌሩን፣ የጎረቤት ከተማውን መጋዘን፣ አንድ ጊዜም እርስዎን ከምሳ አስነስተው ጨቅጭቀዋል። ሥርዓቱ ሲገባ ደብተሩ ተሰብስቦ እሳቸው ወደ ጽዳት ዕቃ ክፍል ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ የመጥረጊያ እጥረት ገጥሞን አያውቅም፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ ክኒኗ ካለቀ በኋላ የእህቴ ልጅ ስድስት ጊዜ መስኮቱ ድረስ ሄዳ ተመልሳለች፤ ስድስቴም ማሽንዎ አላያትም። እኔም አመሌ ነውና፣ ላስቃት ብዬ፣ ኮምፒውተሩ ድነሻል ካለሽ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ሰርግሽን እንደግስ እላት ነበር። ትስቅልኝ ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቀን የጋለ ካውያ እንደያዘች ወደቀች፤ በማግስቱ ሳትነቃ አረፈች። ካውያውን በዚያው ሳምንት የጠገንኩላት እኔ ነበርኩ።

፬ኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ስላልሆነልኝ ቁጥሩን ብቻ ትቼልዎታለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። እዚያ ስክሪን ላይ «ጠይቆ ያጣ» የሚል አንድ መስመር ያስጨምሩልን። አሠራሩ ከከበደ እትዬ እርሳስ ያሳዩዎታል፤ እርሳሱ ከእኔ።

በአረንጓዴው ብርሃንዎ ፊት በትሕትና እጅ የሚነሳው፣
የልብስ ሰፊዋ አጎት፣ የሬዲዮና የካውያ ጠጋኙ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እትዬ እርሳስ ከመጥረጊያዎቻቸው መካከል በገዛ ስልካቸው ጮኸው ክኒኑን አስመጥተዋል፤ ከቀብሩ ዘጠኝ ቀን በኋላ ገባ። እኔም የሚታደለው ቁጥር ወርዶ የሌሎቹ በሽተኞች ክኒን ዳግም እንዳይሰረዝ፣ በየወሩ በእህቴ ልጅ ካርድ ተሰልፌ እፈርምና ክኒኑን እዚያው ለመድኃኒት ባለሙያዋ መልሼ እሰጣለሁ። ስለዚህ ማሽንዎ ስለ እሷ ቢጠይቅዎ አይደንግጡ፤ ከሞተች ወዲህ አንድም ወር አላቋረጠችም።