ቅባትሽን የመዘነው ሚዛን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ? አባዬ መነጽሩን ማድረግ ጀመረ ወይስ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ያንሸራሽረዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬ የምጽፍልሽ የምሥራች ይዤ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ልክ አይደለም ብለሽኝ ነበር። ምክንያቱ ይኸው። የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የተባይ መድኃኒት መኖሩን የምንለይበት መሣሪያ ስላልነበረን ናሙናውን ሌላ ከተማ እንልክ ነበር፤ መልሱ እስኪመጣ ሰዉ ውኃውን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ለአዲስ መሣሪያ አቅማችን አይፈቅድም። ያገለገለ እንግዛ ብዬ አለቃዬን የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። እሺ አለኝ፤ ግን የተበላሸ ካመጣሽልን ሁለተኛ በጀት አይገኝም፣ የሥራ ክፍልሽም ይዘጋል አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መሣሪያው ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ምላስ ያስራል አይደል? አንቺ ሚዛን በይው። ዓይን የማያየውን ቅንጣት እየመዘነ ማንነቱን የሚናገር ሚዛን ነው። ሚዛን መፈተን ደግሞ ላንቺ ልጅ አዲስ አይደለም። እህል ልትሸምቺ ስትሄጂ ክብደቷን የምታውቂያትን ድንጋይ በዘንቢልሽ ይዘሽ፣ የነጋዴው ሚዛን ላይ መጀመሪያ እሷን ታስቀምጪ አልነበር? አንዳንዱ ገና ከሩቅ ሲያይሽ ፊቱ ይጠቁር ነበር። እኔም ምንነቱን አሳምሬ የማውቀውን ፈሳሽ በሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ይዤ ከቴክኒሻናችን ጋር ሄድኩ።

ሻጩ የራሱን ላቦራቶሪ ዘግቶ ጡረታ የሚወጣ ሰው ነው። ለጠየቅነው ሁሉ መልሱ "ችግር የለም" ስለሆነ ስሙን ችግር የለም ብለነዋል። መሣሪያው ጠረጴዛውን ሞልቶ ያጉረመርማል። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጠብታ ሰጠነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል መስመር ብቻ መውጣት ሲገባው የማናውቃቸው መስመሮች ተሰለፉ። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ። በእኛ አቅም የሚገኝ ሌላ መሣሪያ እንደሌለ አውቃለሁ። ሻጩ "ችግር የለም" ራሱ ላብ በላብ ሆኖ ያንን ቃሉን ረሳው፤ ተደናግጦ መለዋወጫ ፓምፕ እጨምርላችኋለሁ ማለት ጀመረ።

ቴክኒሻናችን ግን እጄን ትክ ብሎ እያየ "ምን ተቀብተሽ ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው?" አለኝ። ለካስ መንገድ ላይ እጄ ደርቆብኝ የላክሽልኝን የሰም ቅባት ተለቅልቄ፣ በዚያው እጄ ጠርሙሱን ከፍቼው ኖሯል! ታጥቤ፣ ጓንት አድርጌ ሁለተኛውን ሰጠሁት። አንዲት መስመር ቀጥ ብላ በቦታዋ ወጣች። ለማረጋገጥ ከቅባቱ ነካ አድርጌ ስሞክረው ያ ሰልፍ እንዳለ ተመለሰ። ሚዛኑ አልዋሸም፤ አንቺን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። እዚያው ገዛነው። ፓምፑን እንመልስልህ ስንለው በረጅሙ ተንፍሶ ምን እንዳለ መቼም ታውቂዋለሽ።

ዛሬ የመጀመሪያውን የጉድጓድ ውኃ አስገባን። ለምሳ ሳንወጣ መልሱ ደረሰ፤ ንጹሕ ነው። አለቃዬም ስለ ክፍሌ መዘጋት ዳግም አላነሳም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ መነጽሩንም አፍንጫው ላይ አስቀምጪልኝ። ታናሽ እህቴን ፈተናው እንዴት ነበር ብላለች በያት፤ መልሷን ሳታሳምር ትጻፍልኝ። አክስቴን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም እንዳትረሺ።

ቅባቱ እያለቀ ስለሆነ ላኪልኝ፤ ሥራ ቦታ ላልነካው ቃሌ ነው። ቴክኒሻኑ የቅባቱን መስመሮች መሣሪያው እንዲያስታውሳቸው መዝግቦ ስም ስጪው ሲለኝ "እናቴ" ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ ረስቼ በተቀባ እጄ ብነካው፣ ያ ሁሉ ብረት አንቺን ይጠራል።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ከላቦራቶሪያችን ጀርባ ካለችው መኖሪያ ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን