ካርታ የሚሰርቀው ኮምፒዩተር

ለምወድህና ለምሳሳልህ አባቴ ይድረስ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ደረጃ በወጣህ ቁጥር የሚያጉረመርመው ጉልበትህስ አሁንም ያጉረመርማል ወይስ ዝም አለ? እማዬ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ወንድሜ ጠቅላይ አሁንም ቤቱን በትእዛዝ ያምሰዋል? አክስቴስ ከጓሮ ክፍሏ እየወጣች ፀሐይ ትሞቃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እማዬ ከስታለች ብላ እንዳታስወራብኝ፣ ባለፈው ወር ቀሚሴን አስፍቻለሁ በልልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ አብራኝ የምትሠራው ረዥሟ ናት። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ስትመጣ በእናንተ በኩል ስለምታልፍ፣ ከእጅህ ላይ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ አደራ ብያታለሁ። ብቻህን ሆነህ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ አንብበው። እማዬ ምን አለች ብላ ከመጣች ስለ ካርታ ነው በላት፤ ስለ ካርታ ከተባለች ሁልጊዜም ጥላህ ነው የምትሄደው። ውሸትም አይሆንብህም፣ የምጽፍልህ በእርግጥም ስለ ካርታ ነው።

ሥራዬ ያው ነው። የሰው ልብስ አጥበንና ተኩሰን የምንመልስበት ቤት፣ ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ እረፍት የማያውቁ ሁለት ማሽኖች፣ በመካከል እኔና ካውያዬ። ቀን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ኮት ትከሻ ሳስተካክል እውላለሁ። በምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ሲቆሙ ደረሰኝ የምናወጣበት ኮምፒዩተር የእኔ ይሆናል፤ አንድ እጄ ዳቦ ላይ፣ አንድ እጄ ካርታ ላይ። ከጎናችን ያለው መነጽር ሠሪ ነጭ ጋውኑን ሊያስተኩስ በመጣ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን እሱም የዚህ ጨዋታ ሱሰኛ መሆኑን ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ ጋውኑ ሳይቆሽሽም ይመጣል።

ያንተን ዘዴ ለእሱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ የኖርክ ሰው ቤት ውስጥ የምትገባበት ጠፍቶህ እማዬን ከክፍል ክፍል እየተከተልክ ስታሰለቻት፣ ጠቅላይ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ኮምፒዩተር ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ያገኘኸው ቁምነገር ያን የካርታ ጨዋታ ብቻ ነበር። ሁሉንም በሾፌር ቋንቋ ሰየምከው። ስምንቱን መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ተራ ቁጥር ሰጠሃቸው። ከላይ ያሉትን አራት ባዶ ቦታዎች ማቆሚያ፣ ካርታው ተሟልቶ የሚገባበትን ጋራዥ፣ ወጣቱን ባለ ሥዕል ካርታ ረዳት አልከው። ያበላሹትን ወደነበረበት የሚመልሰውን ቁልፍ ደግሞ የኋላ ማርሽ ብለህ፣ እሱን መንካት ነውር ነው ብለህ ከለከልከኝ። ካርታው በሙሉ ፊቱን ገልጦ ስለሚደረደር የሚደበቅ ነገር የለም፣ የሚሸነፍ ሰው ያላየ ሰው ብቻ ነው ትለኝ ነበር።

እኔ ወደዚህ ስመጣ እያንዳንዱ ድርድር ቁጥር እንዳለው የደረስክበትም አንተ ነህ። አንዱን ቁጥር ከጻፍን አንተም እዚያ፣ እኔም እዚህ ያንኑ ካርታ እናያለን። ስልክ ላይ ከደህና ነሽ ደህና ነኝ የማያልፈው አባቴ፣ በደብዳቤ ሲሆን ሦስት ገጽ ሙሉ ከሦስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ማቆሚያ እያልክ ታወራኛለህ። ሌላ ሰው ቢያነበው ያበደ ትራፊክ ፖሊስ የጻፈው ይመስለዋል። በመሃል ደግሞ እዚህ ጋ ቆም ብለሽ ሻይሽን ጠጪ፣ ቀጥሎ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው የምትላት ነገር አለችህ። እሷን ሳነብ ከአጠገቤ የተቀመጥክ ይመስለኛል፣ ሆዴ ይባባል። መነጽር ሠሪው መልሶችህን ፎቶ እያነሳ ለወዳጆቹ ይልካል። አንድም ቀን ሳያዩህ መምህሩ ነው የሚሉህ፤ አንድ ቁጥር ሲያቅታቸው መምህሩ ስለዚህኛው ምን አለ እያሉ የሚያስጠይቁ አራት ሽማግሌዎች አሉህ። እኔም በአንተ ስም ሻይ ተጋብዤበታለሁ፣ አልዋሽህም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በመጨረሻው ደብዳቤህ ስለ ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ የጻፍከውን ታስታውሳለህ። እኛ ሁለት ሳምንት ታግለነው አልፈታ ሲለን መነጽር ሠሪው ለመምህሩ ይላክልኝ ብሎ የለመነኝ ቁጥር ነው። አንተም እስከ ሃያ ሰባተኛው እርምጃ አሳምረህ ጻፍክና ቀጥ ብለህ ቆምክ። ጋራዥ ቀድማ የምትገባዋ ካርታ፣ የልብ አንድ፣ የለችም፣ ሦስት ቀን ፈለግኳት፣ ይህ ኮምፒዩተር ካርታ መስረቅ ጀምሯል ብለህ ደመደምክ። ከዚያ በፊት የላክንልህን ሁለቱንም ቁጥሮች የማይፈቱ ናቸው ብለህ መልሰሃቸው ነበር። የማይፈታ የሚለውን ቃል ከአንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ሞኟ ሳቅኩ። ለረዥሟ አነበብኩላትና ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያም ያችን አጭር ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ እርጅና ሳይጠራ መጣ፣ ሌባ ከምትፈልግ መነጽር ፈልግ ያልኩህን። አባዬ፣ ስለዚያች ደብዳቤ ይቅርታ አድርግልኝ። ምላሴን በቆረጠው ብያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ያንኑ ቁጥር ከፈትኩ። የልብ አንድ አንደኛው መስመር ላይ ቁጭ ብላለች፣ የተጫናትም አንድ ካርታ ብቻ ነው። አንተን የሚያህል ሰው እንዴት አጣት ብዬ እርምጃዎችህን እየተከተልኩ መሄድ ጀመርኩ። ከሦስት ወደ ስድስት፣ ከአምስት ወደ ስምንት፣ ከሰባት ወደ ማቆሚያ። ሃያ ሰባቱንም ጨርሼ ዳቦዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከአንድ የሚል የለም። ከሁለት የሚልም የለም። ማቆሚያው እንኳ አራት ሆኖ ሳለ የተጠቀምከው በስተቀኝ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁለት ደብዳቤዎች አወጣሁ፣ እዚያም እንደዚያው። የዛሬ ዓመት የጻፍካቸውን ገለጥኩ፤ እነሱ ላይ አንድና ሁለት እንደ ጉንዳን ፈስሰዋል።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ወደ መነጽር ሠሪው ሄድኩ። ያ ቀልደኛ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸው እርምጃዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ስንት ዓመትህ እንደሆነ፣ ደም ግፊት እንዳለብህ፣ ራስህን አሞህ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጎ መለሰልኝና፦

«አባትሽ ጨዋታውን አልረሳም። ግራውን እያየው አይደለም» አለኝ።

ዓይኑ ሊሆን ይችላል፣ ከዓይኑ ኋላም ሊሆን ይችላል፣ እኔ መነጽር ሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ብቻ ዛሬ ነገ ሳይባል ሐኪም ይየው አለ። እንዲህ የሚሆን ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ አይታወቀውም፤ የቀረው ግማሽ ሙሉ ይመስለዋል አለኝ። ወደ ሥራዬ ተመልሼ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ እጅጌው ላይ አቃጠልኩ፣ አለቃዬ ግን ፊቴን አይታ ካውያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ከዚያ እማዬ በስልክ ያለችኝ ሁሉ ይመጣብኝ ጀመር። ከሳህንህ ላይ ግማሹን እያስቀረህ መነሳት እንደጀመርክ፣ እጄ መረረው እንዴ ብላ አልቅሳብኝ ነበር። የሚቀረው የትኛው ግማሽ እንደሆነ ትናንት ደውዬ ጠየቅኳት። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው ብላ ተቆጣችና፣ በግራ እጁ በኩል ያለው ነው አለችኝ። የዳቦ ቤቱንም መኪና አስታወስኩ። ያን የሚያህል አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት ያለ ጭረት የነዳህ ሰው፣ ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ለዳቦ ቤቱ ዳቦ የምታደርስባትን ሚጢጢ መኪና በሁለት ወር ውስጥ የግራ መስታወቷን ሁለቴ ሰበርክ። የግቢው በር ጠቦ ነው አልክ። በሩ አልጠበበም አባዬ። ያ መንገድ ጠዋት ተማሪ የሚሞላበት ነው፤ በግራህም በኩል ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሳላስፈቅድህ ያደረግኩት ነገር አለ፣ ብትቆጣ እቀበላለሁ። የመኪናዋን ቁልፍ ጠቅላይ እንዲወስደው ነግሬዋለሁ። ጠፋ ብለህ አልጋ ሥር ስትገባ ጉልበትህን እንዳታሳምም፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ሲልህ ጉንፋን እንኳ የሌለበት ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ብለህ እንደመለስከው ሰምቻለሁ። እኔም በስልክ ብነግርህ በሳቅ ትሸኘኛለህ። በወረቀት የተጻፈ ነገር ግን ታከብራለህ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትለን ነው ያደግነው። አንተ አልደበቅክም፣ አላወቅክም። አሁን ግን አወቅክ፤ ነገ ጠዋት ከጠቅላይ ጋር ሂድልኝ። ሦስቱንም የካርታ ደብዳቤዎችህን አብሬ ልኬያቸዋለሁ፣ ለሐኪሙ አሳየው። እኔ ከምናገርልህ ይልቅ እነሱ ይናገሩልሃል።

ሾፌርነትህን የነጠቅኩህ እንዳይመስልህ። ፈርቼ ነው አባዬ። ከማክሰኞ ወዲህ ካውያውን ባነሳሁ ቁጥር አንተ መንገድ ስትሻገር ይታየኛል። ሺህ ጨዋታ ብትሸነፍ፣ መምህሩ ቀረ ቢባል ምንም አይመስለኝም፤ አራቱን ሽማግሌዎችህን እኔ አስረዳቸዋለሁ። አንተ ግን የማትተካ ነህ። ይህን ፊት ለፊት ብዬህ አላውቅም፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፤ ወረቀት ግን አያፍርም።

እማዬን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እጇ እንዳልመረረህ መጀመሪያ ንገራት፣ የቀረውን ከሐኪም ስትመለስ አብራችሁ ትነግሯታላችሁ። ጠቅላይን፣ ከተወለደ ጀምሮ ካዘዘው ሁሉ ይህኛው ትእዛዙ ብቻ እንዲከበርለት ስለፈቀድኩ ኩራት እንዳይሰማው በልልኝ፣ ለማንኛውም በጣም እወደዋለሁ። አክስቴን እጅ ነሥቼ ሰላም ብያለሁ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው መርዘሙን ማንም አላወቀብኝም። የዳቦ ቤቱን ባለቤትም ስለ መስታወቶቹ ትዕግሥቱ አመስግንልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፣ ስነግርህ እንዳትቀየመኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት የእያንዳንዱን ገጽ የግራ ጎን በሰፊው ባዶ እየተውኩ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ከላይ እስከ ታች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቁ ፊደል የምመጣበትን ቀን ጽፌልሃለሁ። አለቃዬ ፈቃድ ሰጥታኛለች። ገና የመጀመሪያውን ገጽ ስትይዝ አይተኸው ቤቱን በጩኸት አናግተኸው ከሆነ እሰየው፣ ተሳስቼ መሳቂያ ልሁን። እስካሁን ካላየኸው ግን አትደንግጥ አባዬ። ወረቀቱን ቀስ አድርገህ ወደ ቀኝ እጅህ ሳበው። መምጫዬ እዚያ ነው።

የምትናፍቅህ ልጅህ

ከመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ
ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን፣ ሐሙስ