የሐጂ ከድር ካፖርት ኪስ

ሮቤ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018

ዛሬ በእህቴ ልጅ በሃዊ ላይ ከባድ ክስ አለኝ፤ ከሳህኔ ትልቁን ድንች አንስታ በላች። ባንክ ስለምትሠራ ዋጋውን በእውቀት ክፈይ አልኳት። ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ሊያወጣው ስለሚችል ዲጂታል ብር አስረዳችኝ።

«አይቀደድም፤ ባንክ በሌለበት ገጠርም በስልክ ይደርሳል» አለች።

«ማን ለማን እንደሰጠ ይታያል?»

«እንደ አሠራሩ ነው ጋሼ፤ ሊታይ ይችላል። የሚደብቁት ነገር አለ እንዴ?»

«ጎባ ያለች ውሽማ» አልኳት። ሳቀች። እውነቱን አልነገርኳትም።

ጓደኛዬ ሐጂ ከድር ልብስ ሰፊ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሥራ የለውም፤ እርዳታ ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ ዳማ ስንጫወት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ብር ሸጎጥ አደርጋለሁ። የራሱን ገንዘብ ረስቶ ያገኘው ይመስለዋል። በስልኩ ከነስሜ ቢደርሰው ግን ያኔውኑ ይመልስልኛል፤ ዳማችንም ያበቃል። ሰጪውን የማይናገር ዲጂታል ብር መሥራት ይቻል ይሆን? ነገ በሌላ ድንች እጠይቃታለሁ።

በር ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ሐጂ ከድር ነው። ሁልጊዜ እኔ ነኝ እሱ ዘንድ የምሄደው። ካፖርቱን ለብሷል። የሁለቱም ኪሶች አፍ በነጭ ክር፣ ወልገድ ባለ ስፌት ተዘግቷል።